ስለ አራስ ሕፃናት የመስማት ምርመራ ጥራት

ውድ አባላት፣

የመረመርናቸውን ሕፃናት ቁጥር ብቻ ይዘን ሥራችን ጥራት አለው ማለት አንችልም። ልኩ የታወቀ ነው፦ የመጀመሪያ ምርመራ እስከ 1 ወር ዕድሜ፣ የተረጋገጠ ውጤት እስከ 3 ወር፣ ድጋፍ መጀመር እስከ 6 ወር። ብዙዎቹ የሚጠፉብን ከመጀመሪያው ምርመራ በኋላ ነው። ስለዚህ «አላለፈም» የተባለ ሕፃን ቀጠሮ ሳይያዝለትና የወላጆቹ ስልክ ሳይመዘገብ ከክፍሉ አይውጣ።

የመሣሪያውን ፕሮብ (ጆሮ ውስጥ የሚገባውን ክፍል) በየማለዳው ፈትሹ፤ ጫፉ ከተደፈነ ጤነኛውም ጆሮ «አላለፈም» ይባላል። በተወለደ በጥቂት ሰዓት ውስጥም በጆሮው ቦይ የቀረው ፈሳሽ ውጤቱን ያዛባል፤ ቢቻል 24 ሰዓት ይሙላው። እስኪያልፍ ድረስ ደጋግሞ መሞከር ግን እባካችሁ ይቅር! በአጋጣሚ የተገኘ «አልፏል» የማይሰማን ሕፃን ይደብቅብናል።

በጽኑ ሕክምና ክፍል ከ5 ቀን በላይ የቆዩትን በኤቢአር (የመስማት ነርቭና የአንጎል ግንድ ለድምፅ የሚሰጡትን ምላሽ በሚለካው ምርመራ) መርምሩ፤ ኦኤኢ (የውስጥ ጆሮን ምላሽ የሚለካው ምርመራ) ብቻውን የመስማት ነርቭን ችግር አያገኝም።

የወሩን መዝገብ ከስብሰባው በፊት ላኩልን።