«አትግዛው» ላልከኝ ወዳጄ

ወዳጄ፣ እንደምን ከርመሃል? ቤተሰቡስ? እኔ ወገቤን ከማመሙ በቀር ደህና ነኝ። ወገቤን ምን እንዳመመኝ ሳልነግርህም ታውቀዋለህ።

አራት ዓመት ሙሉ ምንም አልጻፍኩልህም። ሁለቴ ደውለህልኝ ነበር። ስምህን አይቼ ስልኩን አላነሳሁትም። ተቀይሜህ እንዳይመስልህ፤ አፍሬ ነው። ያን ቀን የዚያን አሮጌ ትራክተር፣ የፈርጉሰኑን ሞተር በእጅ ማዞሪያው ልታዞር ሞክረህ ንቅንቅ አልል ሲልህ፣ እጅህን በጨርቅ እየጠረግህ «ይሄማ ደርቋል፣ አትግዛው» አልከኝ። በነጋታው ገዛሁት። ከዚያ በኋላ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አልተነሳም። ታዲያ ስልኩን አንስቼ ምን ልበልህ? ነገ ሲነሳ እደውልለታለሁ እያልኩ ነገው ሳይመጣ ቀረ። ኋላ ደግሞ ዝምታው ራሱ ሌላ ማፈሪያ ሆነብኝ።

አሁን ግን ያርሳል።

ከመጀመሪያው ልንገርህ። ደርቋል ያልከው እውነትህን ነበር። ካንዴላዎቹን ፈትቼ በቀዳዳዎቹ ናፍጣና የካምቢዮ ዘይት ቀላቅዬ አፈሰስኩ። ሦስት ሳምንት ጠበቅሁ። ጠብ የሚል ነገር የለም። ከዚያ የላይኛውን ማርሽ አስገብቼ የኋላውን ጎማ ወደ ፊት ወደ ኋላ እያልኩ ስወዘውዝ፣ አንድ ማታ «ቅጭ» አለ። የጣት ውፍረት እንኳ የማይሞላ መንቀሳቀስ ነው። እንደ ልጅ ጮህኩ! የሲሊንደር ክዳኑን ሳወርደው ጥፋቱ ሦስተኛው ሲሊንደር ላይ ነበር። ውሃ ገብቶ የፒስተኑን ቀለበቶች ከግድግዳው ጋር አዝጎ አጣብቋቸዋል። ደግነቱ የዚህ ሞተር ሲሊንደሮች ከብሎኩ ጋር አብረው የተሠሩ አይደሉም፤ አሮጌው ይወጣል፣ አዲሱ ይገባል። መለዋወጫውም እንዳሰብከው አይጠፋም። ይሄ ቲኢ 20 የሚባለው ዓይነት ከ1946 እስከ 1956 እ.ኤ.አ. ኮቨንትሪ ውስጥ ከ500,000 በላይ ተሠርቷል። ለዚህ ሁሉ ትራክተር ዛሬም ዕቃ የሚያመርትለት አለ።

ገጥሜ ስጨርስ ደግሞ አልነሳ አለኝ። ይተኩሳል፣ ያስላል፣ በጭስ ማውጫው እሳት ይተፋል፤ አይነሳም። ሁለት ቀን ካርቡሬተሩን ስፈታ ስገጥም ዋልኩ። ጥፋቱ የካንዴላዎቹ ገመዶች ነበር። ሲሊንደሮቹ የሚቀጣጠሉበት ቅደም ተከተል 1-3-4-2 ነው፤ እኔ 1-2-4-3 አድርጌዋለሁ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። አንተ ብትኖር ገና ሳልጨርስ «ምን እያደረግህ ነው?» ትለኝ ነበር።

የሞተሪኖ ቁልፍ እንደሌለው ታስታውሳለህ? የማርሽ ዱላውን «ኤስ» ወደሚለው ቦታ ስትገፋው ነው ሞተሪኖው የሚሠራው። ዱላው እዚያ ከሆነ ማርሽ ውስጥ ሊሆን አይችልም፤ ስለዚህ ማርሽ ገብቶ ሳለ ተነስቶ ሰው ላይ አይሄድም። ያኔ እንዲህ ያለ ነገር ማሰባቸው ይገርመኛል።

የእኔው በላምባ የሚሠራው ነው። በቤንዚን ታስነሳዋለህ፣ በደንብ ሲሞቅ ወደ ላምባ ታዞረዋለህ። ከማጥፋትህ በፊት መልሰህ ቤንዚን ማስገባት አለብህ፤ አለዚያ ጠዋት ለምነኸውም አይነሳ። ሳይሞቅ ከተዞረ ደግሞ ያልተቃጠለው ላምባ በፒስተኑ ጎን ወርዶ ዘይቱን ያቀጥነዋል። እኔ ቸኩዬ ይህን አድርጌዋለሁ። የዘይት መለኪያው ከሙሉ በላይ ሲያሳየኝ ዘይት በራሱ ይወልዳል እንዴ ብዬ ነበር።

አሁን ወደ እርሻው ልምጣ። እርፍ ይዞ ወደ ኋላ አይታይም ይባላል አይደል? በትራክተር ስታርስ አንገትህ ወደ ኋላ ዞሮ ይቀራል። ማረሻው ምን እየሠራ እንደሆነ ታያለህ፤ ዘወር ስትል ትልሙ እንደ እባብ ተጠማዟል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ትልሞች እንዳታያቸው። በኋላ ነው የገባኝ። የቀኝ ጎማዎችህን ባለፈው ትልም ውስጥ ታስገባለህ፣ መሪውን ለቀቅ ታደርጋለህ፣ ትልሙ ራሱ ይመራሃል። እኔ ነበርኩ አላስኬድ ያልኩት።

ትራክተሩ በስሙ የሚጠራው ሃሪ ፈርጉሰን ምን እንዳደረገ መጽሐፍ ላይ ሳነብ ብዙም አልገባኝም ነበር። ማሳው ላይ ገባኝ። ከእሱ በፊት ማረሻ ብዙውን ጊዜ ከኋላ የሚጎተት ዕቃ ነበር። ድንጋይ ሲይዘው ትራክተሩ አፍንጫውን አንስቶ ነጂው ላይ ሊገለበጥ ይችላል። ፈርጉሰን ማረሻውን በሦስት ክንድ ከትራክተሩ ጋር አሰረው። አፈሩ ሲከብድ የላይኛው ክንድ ወደ ፊት ይገፋል፤ ግፊቱ አንድ ወፍራም ስፕሪንግ ይጨምቃል፤ ስፕሪንጉ የሃይድሮሊኩን ቫልቭ ያንቀሳቅሳል፤ ማረሻው ትንሽ ቀና ይላል። ያን ጊዜ የማረሻውና የአፈሩ ክብደት የኋላ ጎማ ላይ ያርፋል፣ ጎማውም መሬቱን ይነክሳል። ከአንድ ቶን ትንሽ የሚበልጥ ትራክተር ከአቅሙ በላይ የሚያርሰው በዚህ ነው። ጠንካራው ጥግ ላይ ስደርስ ሞተሩ ድምፁ ወፈር ይላል፣ ወንበሩ ከሥሬ ዝቅ ያለ ይመስለኛል፣ ከዚያ ይወጣዋል። ኤቨረስት ተራራን የወጣው ኤድመንድ ሂላሪ በ1958 እ.ኤ.አ. ሰንሰለት በተገጠመላቸው ፈርጉሰኖች ደቡብ ዋልታ ደርሷል ሲሉኝ ማጋነን ይመስለኝ ነበር። ዛሬ አምናለሁ።

ጉድለቱንም ልንገርህ፣ ዝም ብዬ እንዳላሞግሰው። ፍሪሲዮኑን ስትረግጥ ሃይድሮሊኩም አብሮ ይቆማል። ማረሻውን ለማንሳት ወይ እየሄድክ መሆን አለብህ፣ ወይ ማርሹን አውጥተህ ፍሪሲዮኑን መልቀቅ አለብህ። ትልሙ ጫፍ ደርሼ ፍሪሲዮን ረግጬ ማረሻው እንዲነሳ ስጠብቅ ስንት ጊዜ እንደቆየሁ አትጠይቀኝ። ከሁሉ የከፋው ግን ሳር ማጨጃው ነው። ፍሪሲዮን ብትረግጥም የማጨጃው ከባድ ምላጭ ገና እየተሽከረከረ ነው፤ ከትራክተሩ ወደ ማጨጃው ኃይል የሚያስተላልፈው ዘንግ በካምቢዮው በኩል አድርጎ ትራክተሩን ወደ ፊት ይገፋዋል። እኔ ለማቆም ረግጫለሁ፣ እሱ ይሄዳል። አጥር ላይ ነው የቆምነው። አሁን መሃሉ ላይ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚይዝ ማያያዣ አስገብቼበታለሁ። የድሮው ዘንግ ቀጭን ስለሆነ ለዛሬ ማጨጃዎችም የሚያገጥመው ይኸው ማያያዣ ነው።

አንድ ቀን ደግሞ የዛፍ ጉቶ ልጎትት ሰንሰለቱን ከላይኛው ክንድ ማሰሪያ ላይ አስሬ ነበር። የፊት ጎማዎቹ ስንዝር ያህል ተነሱ። ፍሪሲዮኑን እንዴት እንደረገጥኩት አላውቅም። ወርጄ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲህ ሰንሰለት ከታችኛው መጎተቻ ውጭ ሌላ ቦታ አይታሰርም። መገልበጥ የሚከላከል የብረት ቅስትና ቀበቶም አስገጥሜበታለሁ። መልኩን እንዳበላሸሁት የሚነግሩኝ አሮጌ ትራክተር ሰብሳቢዎች አሉ። ይንገሩኝ።

ስለ ሰብሳቢዎች ካነሳሁ አይቀር፣ እኔም ገብቼበታለሁ። አትሳቅ። አሁን ሦስት ናቸው። አንደኛው ፎርድሰን ሜጀር ነው፣ ጋሪ ይጎትታል። ሌላው ሞተር የሌለው ፈርጉሰን ነው፤ ለዕቃው ስል ነው ያመጣሁት። ማሳ ረግጠው የማያውቁ፣ እንደ መስታወት የሚያበሩ ትራክተሮች አይቼ ነበር። ያምራሉ። ግን የዘይት ነጠብጣብ ከሥራቸው ሳጣ ቅር ይለኛል። ልቤን የወሰደው ላንስ ቡልዶግ ነው። አንድ ሲሊንደር ብቻ ያለው ጀርመናዊ። ጭንቅላቱን በእሳት ያግላሉ፣ ከዚያ መሪውን ከነዘንጉ ነቅለው በጎን በኩል ሰክተው ሞተሩን በእሱ ያስነሱታል! ሲነሳ መሬቱ ይንቀጠቀጣል። አልገዛም ብያለሁ። አንተም «አትግዛው» በለኝ፣ በዚህኛው እሰማሃለሁ።

እንግዲህ የጻፍኩበት ሌላው ምክንያት ይሄ ነው። ፈርጉሰኑ ሲሞቅ፣ ያውም ከባድ አፈር ላይ ብቻ፣ የምትሰማ ኳኳታ አምጥቷል። የፒስተኑ ፒን ይሁን ከታች ያለው ዘንግ አላውቅም። ረጅም መፍቻ ብሎኩ ላይ አስደግፌ ጆሮዬን ለጥፌ አዳመጥኩ። ለእኔ ሁሉም ኳኳታ አንድ ነው። አንተ ግን ዓይንህን ጨፍነህ «ሁለተኛው ነው» የምትል ሰው ነህ። ሞተሩን እንደገና ከማውረዴ በፊት መጥተህ ብትሰማልኝ።

ስትመጣ ማዞሪያው ያው ቦታው ላይ ነው። ይህን ጊዜ ይዞርልሃል። አውራ ጣትህን ግን ከሌሎቹ ጣቶችህ ጋር በአንድ ወገን አድርግ፤ አንዳንዴ መልሶ ይመታል። ቀኑን ደውለህ ንገረኝ። አነሳለሁ።