የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የምትከለክለው መንገዱን እንጂ ልጅ መመጠንን አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ሲጻፍ «ካቶሊኮች ልጅ መመጠን አይፈቀድላቸውም» የምትለዋ አባባል ደጋግማ ትመጣለች። ስሕተት ናት፤ ባለትዳሮችንም ትጎዳለች።

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ እ.ኤ.አ. ጁላይ 25 ቀን 1968 የፈረሙት «ሁማኔ ቪቴ» የተባለው መልእክት፣ ባልና ሚስት ከበድ ያለ ምክንያት ሲኖራቸው ለተወሰነ ወይም ላልተወሰነ ጊዜ ሌላ ልጅ ላለመውለድ መወሰን እንደሚችሉ በቁጥር 10 ይናገራል። በቁጥር 14 የከለከለው ግንኙነቱን ሆን ብሎ መካን ማድረግን ነው፤ ኪኒን፣ ኮንዶም፣ ማህፀን ማስቋጠር እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ቁጥር 16 የማይፀነስባቸውን ቀናት መጠቀምን ይፈቅዳል። ለሕመም የታዘዘ መድኃኒት እግረ መንገዱን እርግዝናን ቢያስቀር ደግሞ ክልከላው አይነካውም (ቁጥር 15)። ይህን የማያውቁ እናቶች ለደም መፍሰስ የታዘዘላቸውን ኪኒን በፍርሃት መተው የለባቸውም።

ክልከላው የገጠመው ተቃውሞ ከቤተ ክርስቲያን ውጭ የመጣ አልነበረም። ከእርሳቸው የቀደሙት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 23ኛ እ.ኤ.አ. በ1963 ያቋቋሙትን የወሊድ ቁጥጥር አጥኚ ኮሚሽን ጳውሎስ 6ኛ ሲያሰፉት ሐኪሞችና ባለትዳሮች ገቡበት። ከቺካጎ የሄዱት ባልና ሚስት ፓትና ፓቲ ክራውሊ ቀን በመቁጠር ከሚኖሩ ካቶሊኮች የሰበሰቡትን ምሬት አቀረቡ። እ.ኤ.አ. በ1966 አብዛኛው የኮሚሽኑ አባል ትምህርቱ እንዲሻሻል መከረ፤ ጳውሎስ 6ኛ ግን አልተቀበሉትም። መልእክቱ በወጣ ማግስት ዋሽንግተን ላይ በቻርልስ ከረን የተመሩ የነገረ መለኮት መምህራን አለመስማማታቸውን አሳወቁ። የካናዳ ጳጳሳትም በዚያው በ1968 ሴፕቴምበር ዊኒፔግ ላይ፣ ትምህርቱን ለመጠበቅ ሞክሮ ያልቻለ ሰው በቅን ኅሊና የመረጠው መንገድ እንዳይኮነንበት ጻፉ።

ሁለት ዓይነት ሰው ግን አለ። አንዱ ትምህርቱ ራሱ ትክክል አይደለም ይላል። ሌላው አምኖበት መጠበቅ ያቃተው ነው። ለሁለቱ አንድ ዓይነት ተግሣጽ መስጠት ትልቅ ጥፋት ነው። ቫቲካን እ.ኤ.አ. በ1997 ለንስሐ አባቶች ያወጣችው መመሪያም፣ ከልቡ የተጸጸተ ሰው በዚህ ኃጢአት ደጋግሞ በመውደቁ ብቻ ፍትሐት (የኃጢአት ይቅርታ) እንዳይነፈግ ያዛል።

ምሬቱ የሚበረታው በደፈናው «በተፈጥሮ ዘዴ ተጠቀሙ» ተብሎ ዘዴው ሳይሰጥ ሲቀር ነው። የጣት ቆጠራን እንይ። ከአጭሩ የወር አበባ ዑደት 18፣ ከረጅሙ 11 ይቀነሳል፤ ዑደቷ ከ26 እስከ 32 ቀን የሆነች ሴት ከ8ኛው እስከ 21ኛው ቀን ትታቀባለች። ታዲያ አንድ ወር ዑደቱ 23 ቀን ላይ ቢያልቅስ? እንቁላሉ በ9ኛው ቀን ገደማ ወጥቷል ማለት ነው። የወንድ ዘር እስከ 5 ቀን ስለሚቆይ በ6ኛው ቀን የተደረገ ግንኙነት ሊያስረግዝ ይችላል፤ ቆጠራው ግን 6ኛውን ቀን «ነፃ» ብሎታል።

ስለዚህ የማህፀን በር ፈሳሽና የሰውነት ሙቀት አብረው ይታያሉ። እንደ እንቁላል ነጭ የሚለጠጥ ፈሳሽ መፀነሻው መቅረቡን ያሳያል፤ መታቀብ የሚጀመረው ግን ማንኛውም ፈሳሽ እንደታየ ነው። ሙቀት የሚለካው ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ነው። ከቀደሙት 6 ቀናት ሁሉ ከፍ ያለ ሙቀት 3 ቀን በተከታታይ ሲመዘገብ፣ ሦስተኛውም ቢያንስ በ0.2 ዲግሪ ሲበልጥ፣ ፈሳሹም ሲደርቅ ወቅቱ አልፏል። ትኩሳት፣ የሌሊት ሥራ፣ የተቆራረጠ እንቅልፍ ልኬቱን ያዛባሉ፤ በሰንጠረዡ ላይ ምልክት ይደረግባቸው።

ከወሊድ በኋላ ያለው ጊዜ ከሁሉ ይከብዳል። ማጥባት የሚከላከለው ሦስት ነገር ሲሟላ ነው፦ ሕፃኑ 6 ወር ካልሞላው፣ የወር አበባ ካልተመለሰ፣ ቀንም ሌሊትም ጡት ብቻ ከጠባ። ልጁ አጥሚት ከጀመረ ወይም ሌሊቱን ሳይጠባ ካደረ በዚያው ቀን ወደ ምልክት መመዝገብ መመለስ ያስፈልጋል፤ እንቁላል ከመጀመሪያው የወር አበባ ቀድሞ ሊወጣ ይችላልና።