እናቴ ዳሌ ውስጥ ያለው ብረት ስሙ ማን ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

እናቴ 74 ዓመቷ ነው። በ2009 ዓ.ም. ሕንድ ሄዳ የቀኝ ዳሌዋ መገጣጠሚያ በሰው ሠራሽ ተቀየረላት። ገንዘቡን ያዋጣነው እኛ ልጆቿና ጂዳ ያለችው አክስቴ ነን። ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ያለ ምርኩዝ ቤተ ክርስቲያን ተመላለሰች። ነገሩ ያለቀ መሰለን።

ባለፈው ክረምት ዝናብ ሊመጣ ሲል የተሰጣ ልብስ ልታነሳ ወጣች። ጭቃው አዳለጣት። ስንደርስ ቀኝ እግሯ አጥሮ ወደ ውጭ ዞሯል። ጎረቤት ወጌሻ ጠራ። ደግነቱ ሰውየው አስተዋይ ናቸው። ጠባሳዋን አዩና "ይሄ ብረት ያለበት ነው፤ እኔ አልነካውም። ቶሎ ራጅ ትነሳ" አሉ። እግዜር ይስጣቸው።

ዳሌዋ አልወለቀም። የተሰበረው በብረቱ ዙሪያ ያለው የጭኗ አጥንት ነው። እንዲህ ዓይነት ስብራት እንዳለ እንኳ ሰምተን አናውቅም ነበር። ሐኪሙ ራጁን እያሳየ አስረዳን። የብረቱ ዘንግ ጭን አጥንት ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። አጥንቱ ከዕድሜ ጋር ይሳሳል፤ ያኔ ከቆሙበት መውደቅ ብቻ ይበቃዋል። ዘንጉ ጠብቆ ከተገኘ አጥንቱን በፕሌት (አጥንት ላይ በሚታሰር ጠፍጣፋ ብረት) እና በሽቦ ማሰር ይቻላል። ከተነቃነቀ ግን ፕሌት ብቻውን አይበቃም። ዘንጉ ወጥቶ፣ ስብራቱን አልፎ የሚሄድ ረጅም ዘንግ ይገባል።

የእናቴ ተነቃንቆ ነበር። ለካ ከመውደቋ በፊትም ወራት ሙሉ "ስነሳ ጭኔን ይወጋኛል" ስትል የነበረው ወዳ አይደለም። እኛ "ብርድ ነው" ብለን ቅባት ገዛንላት። በስምንት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ራጅ አላስነሳናትም። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከዚያ ሐኪሙ ጠየቀን፦ "ብረቱ የየትኛው ፋብሪካ ነው? መጠኑስ ስንት ነው?" ዳሌዋ ላይ የተገጠመው የሰው ሠራሹ መገጣጠሚያ ጎድጓዳ ክፍል ደህና ስለሆነ አይወጣም። ስለዚህ አዲሱ ዘንግ ላይ የሚሰካው ኳስ ከእሱ ጋር ልክ መግጠም አለበት። እኛ እጅ ያለው ወረቀት ግን "ዳሌ ተቀይሯል" ከማለት በቀር ምንም አይልም። ሕንድ ስልክ ደወልን፣ ኢሜይል ጻፍን። 11 ቀን ፈጀ። እናቴ 11 ቀን ሙሉ አልጋ ላይ ተኝታ፣ ለመገላበጥ እንኳ እየጮኸች ጠበቀች።

መልሱ የመጣው በሦስት ትንንሽ ስቲከሮች ፎቶ ነው። ብረቱ ከነማሸጊያው ሲመጣ አብረውት የሚመጡ ናቸው። የአምራቹ ስም፣ መጠኑና መለያ ቁጥሩ ተጽፎባቸዋል። የቀዶ ሕክምናው መዝገብ ላይ ይለጠፋሉ። መዝገቡ እዚያው ይቀራል፤ ታካሚው አገሩ ይገባል።

ስለዚህ ሆስፒታሎቻችንን የምለምነው አንድ ነገር ነው። የስቲከሩን ቅጂ ለታካሚው ስጡት። ወላጆቻችሁን ለሕክምና ውጭ የምትልኩም፣ ሳትቀበሉ አትመለሱ። ጭኔን አመመኝ ካሏችሁ ደግሞ ራጅ አስነሷቸው፤ ራጁም ዳሌውን ብቻ ሳይሆን እስከ ጉልበት ያሳይ።

እናቴ አሁን በዎከር ትሄዳለች። የአዲሱ ብረት ስቲከር ቅጂ እኔ ስልክ ላይ አለ። ሌላውን ከመታወቂያዋ ጋር ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራዋለች።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ