ከጅማ ወደ መርከብ ለሚነሱ ልጆቻችን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ከጅማ ዩኒቨርሲቲ በመካኒካልና በኤሌክትሪካል ምህንድስና ተመርቀው የመርከብ ሥራ የሚያስቡ ልጆች ቢሾፍቱ ባቦጋያ ላለው የማሪታይም ማሠልጠኛ መግቢያ ፈተና በደንብ ይዘጋጃሉ። ከፈተናው ውጭ ያለውን ግን የሚነግራቸው አያገኙም፤ ብዙ ልጅ የሚደናቀፈውም እዚያ ነው። በመርከብ ላይ ሠርተን ዛሬ ጅማ የምንኖር ሰዎች የምናውቀውን ጽፈናል። ጋዜጣችሁ ቢያወጣው ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ያለው ተማሪም፣ መርካቶ የሚነግዱ ወላጆቹም ያነቡታል ብለን እናምናለን።

አንድ ብር ከመውጣቱ በፊት ዓይን ቀለም መለየቱን የሚያሳይ ምርመራ ይደረግ። ሐኪሙ በባለ ቀለም ነጠብጣብ የተሞሉ ገጾችን እየገለጠ ነጠብጣቡ መሀል ያለውን ቁጥር ያስነብባል፤ ከጥቂት ደቂቃ አይበልጥም። ቀይና አረንጓዴ የሚምታታበት ሰው በሌላው ሁሉ ጤነኛ ስለሆነ ሳያውቀው ሊያድግ ይችላል። መርከብ ላይ ግን ሽቦው፣ ቧንቧውና የማስጠንቀቂያ መብራቱ በቀለም ስለሚለይ የጤና ምስክር ወረቀት ሊከለከል ይችላል። ይህን ቢሾፍቱ ደርሶ፣ ቤት ተከራይቶ፣ የቤተሰብ ጥሪት ካለቀ በኋላ መስማት ያማል፤ እዚሁ ጅማ ዓይን ሕክምና ሄዶ ማወቅ ሲቻል። የቢጫ ወባ ክትባትም አይዘግይ። ካርዱ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። የጤና ምስክር ወረቀቱ ግን ቢበዛ ለሁለት ዓመት ብቻ ስለሚያገለግል ቶሎ ማውጣቱ አይጠቅምም።

የሰነድ ጉዳይ በእኛ አካባቢ የራሱ ችግር አለው። በቁቤ የተጻፈ ስም ፓስፖርት ላይ በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ይወጣል፤ ጫላ አንዱ ሰነድ ላይ በ«ሲ» ብቻ፣ ሌላው ላይ በ«ሲ» እና በ«ኤች» ይጀምራል። ሙሐመድማ ስንት ዓይነት ተጽፎ አይተናል። የልደት ዓመትም እንዲሁ ይሳሳታል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የተወለደ ሰው ወደ ፈረንጅ ሲቀየር 7 ዓመት ይደመርለታል፣ ከዚያ በኋላ የተወለደ 8፤ ለሁሉም 8 የሚደምር ጸሐፊ አንዱን ዓመት ያዛባል። ፓስፖርት ከመውጣቱ በፊት ዲግሪው፣ የልደት ምስክር ወረቀቱና ፋይዳው በአንድ ፊደልና በአንድ ቀን ይስተካከሉ። የባሕረኛ ደብተሩም (የመርከብ አገልግሎት የሚመዘገብበት)፣ የብቃት ማረጋገጫውም፣ ቪዛውም ከፓስፖርቱ ነው የሚገለበጠው።

አሁን ወደ ደላላው እንምጣ። «መርከብ አስገባሃለሁ፣ ለቦታ ይህን ያህል ክፈል» የሚል ሰው ሕግ እየጣሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የባሕር ሠራተኞች ዓለም አቀፍ ስምምነት ባሕረኛ ለቅጥር ክፍያ እንዳይጠየቅ ይከለክላል። ባሕረኛው ሊከፍል የሚችለው ለጤና ምስክር ወረቀት፣ ለባሕረኛ ደብተርና ለፓስፖርት ብቻ ነው፤ ቪዛ እንኳ በመርከቡ ባለቤት ወጪ ነው። ደላላው የመርከብ ስም ከጠራ የአይኤምኦ (የዓለም አቀፉ የማሪታይም ድርጅት) መለያ ቁጥሯን ጠይቁት። ሰባት አኃዝ ነው። የመጀመሪያዎቹን ስድስት አኃዞች በተራ በ7፣ በ6፣ በ5፣ በ4፣ በ3 እና በ2 አባዝታችሁ ደምሩ፤ የድምሩ የመጨረሻ አኃዝ ከሰባተኛው ጋር መግጠም አለበት። 9074729ን ብንወስድ 63፣ 0፣ 35፣ 16፣ 21 እና 4 ይወጣል፤ ድምሩ 139 ነው፣ በ9 ያልቃል፣ ሰባተኛውም 9 ነው። ካልገጠመ ቁጥሩ የተሳሳተ ወይም የተፈጠረ ነው። ቢገጥምም ገና ነው፤ የእውነተኛ መርከብ ቁጥር መቅዳት ቀላል ስለሆነ አስቀጣሪ ኤጀንቱን ያውቁት እንደሆነ የኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣንን መጠየቅ ይቀራል። የቅጥር ውል ሳይፈርሙና ቅጂውን ሳይዙ ከአገር መውጣት ፈጽሞ አይገባም።

ዋና የማይችል ከመሄዱ በፊት ቢለማመድ ይሻላል። በሥልጠናው ላይፍ ጃኬት (የመንሳፈፊያ ሰደርያ) ለብሶ ከከፍታ መዝለል አለ። በአንድ እጅ አፍና አፍንጫ ይያዛል፣ በሌላው ላይፍ ጃኬቱ ወደ ታች ይጨበጣል፣ እግር ገጥሞ ዓይን ፊት ለፊት እያየ አንድ እርምጃ ይወጣል። ከመዝለሉ በፊት ከሥር ያለው ውኃ ነጻ መሆኑ ይታያል፤ ሲዘሉ ግን ወደ ታች የሚያይ ሰው ወደ ፊት ይደፋና በደረቱ ውኃውን ይመታል።

ከሥልጠና በኋላ መርከብ እስኪገኝ ያለው ጊዜ የከተማ ኑሮ የሚፈትንበት ነው። «አዲስ አበባ ካልተቀመጥኩ ጥሪው ያመልጠኛል» ብሎ ገንዘቡ በወራት ኪራይ የሚያልቅበት ልጅ ያሳዝነናል። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጥዋት የተነሣ ማታ ይገባል። ሰነድን በአንድ ቦርሳ አዘጋጅቶ፣ ስልክ ሳይዘጉ፣ ኢሜይልን በየቀኑ እያዩ ቤተሰብ ጋ መጠበቅ ይቻላል። አዲስ አበባ መቀመጥ የግድ ከሆነ ለሁለት ለሦስት ሆኖ መከራየት ነው። በ2016 ዓ.ም የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ስለሚደነግግ የስድስት ወር ለሚጠይቅ አከራይ ይህን መንገር ነውር አይደለም።

መርከብ ላይ የወጣ ካዴት (ተለማማጅ መኮንን) ከሁሉ በላይ የሥልጠና መዝገቡን ይጠብቅ። የሞተር ክፍል መኮንን ለመሆን የወርክሾፕ ሥልጠናና የባሕር አገልግሎት ተደምሮ ቢያንስ 12 ወር ያስፈልጋል፤ ከዚህ ውስጥ 6 ወር በሞተር ክፍል ተረኝነት በኃላፊ ሥር መሠራት አለበት። ይህን የሚመሰክረው መዝገቡ ነው። ሴፓሬተር (የነዳጅና የዘይት ማጣሪያ) ፈትቶ ያጸዳ፣ የነዳጅ ፓምፕ የቀየረ ልጅ በዚያው ሳምንት ያስፈርም። መጨረሻ ላይ እናስፈርማለን ሲባል ሥራውን ያየው ሁለተኛ ኢንጅነር ውሉን ጨርሶ ይወርዳል፤ አዲሱ ያላየውን አይፈርምም። ከመርከብ ሲወርዱም የባሕረኛ ደብተሩ ላይ የገቡበትና የወጡበት ቀን፣ ማኅተሙም መኖሩን ሳያዩ ደረጃውን መውረድ ትልቅ ጥፋት ነው። የዕረፍት ሰዓትም አለ፤ በ24 ሰዓት ቢያንስ 10፣ በሰባት ቀን ቢያንስ 77። ያላረፉትን አረፍኩ ብሎ መፈረም አይገባም።

ጫትን በግልጽ እንናገር። ጅማ የለመዱት ነገር በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች፣ በቻይናና በብሪታንያ የተከለከለ ነው። በሻንጣ ጥግ የተረሳ ደረቅ ቅጠል እስር ቤት ያስገባል። የመርከብ ኩባንያዎችም የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ ያደርጋሉ። እናቶች ስንቅ ስትቋጥሩ ሻንጣውን ሙሉ በሙሉ አራግፉት።

ለወላጆችም ሁለት ነገር። ልጁ የሚከፈለው በአብዛኛው መርከብ ላይ ባለበት ጊዜ ነው፤ ሲወርድ ደመወዙ ይቆማል፣ ቀጣዩ ውል እስኪመጣ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። ስለዚህ ከውሉ ዕድሜ የረዘመ ዕቁብ በስሙ አትግቡ፤ ከሚልከው ላይም የመውረጃውን ወራት ቀለብ አስቀምጡ። ከደመወዙ ምን ያህል በቀጥታ ለቤተሰብ እንዲላክ ከጉዞ በፊት በጽሑፍ ማስወሰን መብቱ ነው። ሁለተኛው መርዶ ነው። መርከቧ ውቅያኖስ መሀል ከሆነች ልጁ ለቀብር ሊደርስ አይችልም። ሐዘን ቢመጣ ወዲያው ይነገረኝ ወይስ ወደብ ስደርስ የሚለውን ከእሱ ጋር ተነጋግራችሁ ወስኑ፤ ለዕድሩ ሰዎችም አሳውቁ።

ዩኒቨርሲቲያችን ከምረቃ በፊት ለእነዚህ ተማሪዎች የቀለም ምርመራና የስም ማስተካከያ የሚሆን አንድ ቀን ቢመድብ ብዙ ገንዘብና ብዙ ዕንባ ይተርፋል። ለዚያ ቀን ከተፈለግን ያለ ክፍያ ለመገኘት ዝግጁ ነን።

በመርከብ ሥራ የቆየን የጅማ ነዋሪዎች