የብርድም የእናትም ጥፋት አይደለም

ሰላም አዘጋጅ፣ ከደብረ ብርሃን ነው የምፅፈው። ባለፈው ስለ ቁርጥማት ስታወሩ የሽማግሌ በሽታ ብቻ አስመሰላችሁት፣ እኔ ግን የ5 ዓመት ልጄ ጠዋት ጠዋት ጉልበቷ ድርቅ ብሎ ግድግዳ ይዛ ስትሄድ ነው ያየሁት፣ ረፋድ ላይ ደሞ ምንም እንዳልሆነ ትሮጣለች። ጎረቤቱ ሁሉ "የኛ አገር ብርድ ነው ጋቢ ደርቡላት" አለ፣ የባለቤቴ ዘመዶች ደሞ በኔ ዘር አላከኩት (ወይ ዘር!)።

ልጁ 16 ዓመት ሳይሞላው የጀመረ፣ 6 ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ፣ ሌላ ምክንያት ያልተገኘለት የመገጣጠሚያ ብግነት ነው የልጆች አርትራይተስ የሚባለው። ጂን፣ ማለትም ከወላጅ የሚወረስ የዘር ቅንጣት፣ እጁ አለበት፣ ግን አንድ ጂን አይደለም፣ ብዙ ናቸው፣ እያንዳንዳቸው ትንሽ ትንሽ የሚገፉ። ኤችኤልኤ ቢ27 የሚባለው የጂን ዓይነት ለምሳሌ ጅማት አጥንት ላይ የሚጣበቅበትን ቦታ ከሚያጠቃው ዓይነት ጋር ይያያዛል፣ ግን እሱ እያላቸው አንድ ቀን እንኳ ሳያማቸው የሚኖሩ ሞልተዋል፣ ልጅ የታመመባቸው ቤቶችም አብዛኞቹ ሁለተኛ ታማሚ ልጅ የላቸውም። አማቴ ይስሙ!

በሽታው ዓይንም ሊነካ እንደሚችል ፃፉልኝ እባካችሁ፣ ዓይኑ ሳይቀላ ሳያም ውስጥ ውስጡን ሊቆጣ ይችላል፣ የኛዋ ደህና እያየች ነው የዓይን ሐኪም ያገኘባት።