ከማዱራይ፣ ስለ አንድ ሰርግ

አንቺዬ፣

እንዴት ከረምሽ? ድምፄ ከጠፋ ዓመት ሳያልፈው አይቀርም። ሰበብ አልደረድርልሽም። ትምህርቱም፣ ርቀቱም፣ ስንፍናውም ተደማምሮ ነው። ሰርግሽን በፎቶ አየሁት። ካባው እንዴት አምሮብሻል! እማማ እስክስታ ሲወርዱ ያለውን ቪዲዮማ ስንቴ እንዳየሁት አትጠይቂኝ። ዛሬ ግን ስለ ሌላ ሰርግ ልጽፍልሽ ነው የተነሳሁት። በየዓመቱ ስለሚደገስ ሰርግ።

እንደምታውቂው ያለሁት ደቡብ ህንድ፣ ታሚል ናዱ ውስጥ ነው። ሰሞኑን አንዲት የክፍሌ ልጅ እናቷ ቤት፣ ማዱራይ፣ ይዛኝ ሄደች። ከተማው መሃል ሚናክሺ የምትባል የሂንዱ አምላክ ቤት አለ። ከተማው ራሱ እሷን ከቦ ነው የተሠራው። ዙሪያውን ያሉት መንገዶች በታሚል ወሮች ስም ይጠራሉ፤ ቺትራይ፣ አዲ፣ ማሲ እየተባሉ። የቤተ መቅደሱ ማማዎች 14 ናቸው፤ ትልቁ፣ የደቡቡ፣ 52 ሜትር ገደማ ይሆናል። ከላይ እስከ ታች አማልክት፣ እንስሳትና አስፈሪ ፍጥረታት ተጨናንቀውበታል። ቀለሙ ዓይን ይወጋል። እውነቱን ልንገርሽ፣ መጀመሪያ ሳየው በዛብኝ።

ጫማ ደጅ ማውለቅ ለኛ ብርቅ አይደለም። ስልክም ግን ይዞ መግባት የለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ግቢው ውስጥ እሳት ከተነሳ በኋላ ፍርድ ቤት ከልክሎታል። ስለዚህ ፎቶ አትጠብቂ።

የሚናክሺን ታሪክ የነገሩኝ የልጅቷ እናት ናቸው። ልጃቸው እየተረጎመችልኝ። ማዱራይን ድሮ ይገዛ ከነበረው ከፓንድያ ሥርወ መንግሥት አንድ ንጉሥ ልጅ አጥቶ ሲለምን፣ ከመሥዋዕቱ እሳት ውስጥ ሴት ልጅ ወጣችለት። ያውም ሦስት ጡት ያላት። ደነገጠ። እንደ ወንድ ልጅ አሳድጋት፣ ባሏ የሚሆነውን ስታገኝ ሦስተኛው ይጠፋል ተባለ። አሳደጋት፤ ዘውዱንም ወረሰች። ጦር መርታ ያገኘችውን ሁሉ እያስገበረች ካይላሽ ተራራ ደረሰች። እዚያ የሚኖረው ታላቁ የሂንዱ አምላክ ሺቫ ፊት ስትቆም ሦስተኛው ጡት ጠፋ። ደስ ያለኝ ምን መሰለሽ? እሷ ወደ እሱ አልሄደችም። እሱ ነው ማዱራይ መጥቶ ያገባት። ዛሬም ምእመኑ መጀመሪያ የሚሳለመው እሷን ነው፤ ባሏ ቀጥሎ ነው።

ሰርጉ በቺትራይ ወር፣ በሚያዝያ ገደማ ይደገማል። መጀመሪያ እሷ ዘውድ ትጭናለች፣ ከዚያ ትዳራለች። ያገቡ ሴቶች የዚያን ቀን አንገታቸው ላይ ያለውን የጋብቻ ክር በአዲስ ይቀይራሉ። አነጋገሣቸውም ተራ አለው፤ አራት ወር እሷ፣ ስምንት ወር እሱ። «እንግዲህ እዚህ ላይ ተበልታለች» ስላቸው እናትዬው በሳቅ ፈረሱ።

ወንድሟ ደግሞ አላጋር ነው። የሌላው ታላቅ አምላክ፣ የቪሽኑ፣ አንዱ መልክ ነው ይላሉ። 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሚርቀው ቤቱ ለሰርጉ ብሎ ይነሳል፤ ሲደርስ ግን ሥነ ሥርዓቱ አልቋል። ተናዶ ከወንዙ ይመለሳል። ሕዝቡ ግን ልክ እሱን ሊቀበል ነው ወደ ቫይጋይ ወንዝ የሚተመው። ለብሶ የመጣውን ሐር አይቶም ዓመቱን ይገምታል፤ አረንጓዴ ከሆነ ጥጋብ ነው። የገረመኝ፣ ቤተ መቅደሱ ውስጥ ያለው የድንጋይ ቅርጽ ሌላ ነው የሚለው። እዚያ ቪሽኑ ራሱ ቆሞ እህቱን ሲድር ይታያል። «ታዲያ ደርሷል ወይስ አልደረሰም?» አልኩ። «ሁለቱም» አሉኝ፣ ምንም ሳይጨነቁ። ሁለቱ በዓላት፣ ሰርጉና የአላጋር ጉዞ፣ ድሮ ለየብቻ የሚከበሩ ነበሩ አሉ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ማዱራይን የገዛው ቲሩማላይ ናያክ ነው ያገናኛቸው ይባላል። የሺቫንና የቪሽኑን ተከታዮች በአንድ ሰርግ አዛመዳቸው።

አሁን «ጣዖት ቤት ገባሽ?» ልትይኝ ነው። እናቴ ብትሰማ ጠበል ሳታስጠምቀኝ አታድርም። በሩ ላይ እናትዬው ቀዩን ዱቄት በጣታቸው ይዘው ግንባሬን አዩ፤ በዓይናቸው ጠየቁኝ። «ይቅርብኝ እማ» አልኩ። አልተቀየሙም። ከራሳቸው ፀጉር ላይ ጃስሚን በጥሰው ሰኩልኝ። ጃስሚኑ የማዱራይ ኩራት ነው፤ ሽታው እስከ ማታ አልለቀቀኝም።

ኩሬውንና 985 ምሰሶ ያለውን አዳራሽ አየሁ። ሚናክሺ ራሷ ያለችበት ውስጠኛ ክፍል ጋ ስንደርስ ግን ሂንዱ ያልሆነ እንዳያልፍ የሚል ጽሑፍ አለ። እነሱ ገቡ፣ እኔ ምሰሶ ተደግፌ ጠበቅኩ። ቅር አላለኝም። እኔም ብሆን ቤተ ክርስቲያናችን መቅደስ ውስጥ ገብቼ አላውቅም፤ ታቦት ተገልጦ አላየሁም። የማይገባበት ቦታ ያለው ቤት ይገባኛል።

ቅር ያለኝ በኋላ የሰማሁት ነው። ይህ በር ለዘመናት የተዘጋው በራሳቸው ሰዎች ላይም ነበር። ዳሊቶች፣ «የማይነኩ» ይባሉ የነበሩት፣ አምላካቸው ሆና ሳለ በሩቅ ማማውን አይተው ይመለሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1939 ቫይድያናታ አየር የሚባል ጠበቃ፣ ራሱ ከላይኛው መደብ፣ ብራህሚን፣ ሆኖ፣ ይዟቸው ገባ። ጋንዲም በሩ ካልተከፈተላቸው አልገባም ብሎ የቆየ ሰው ነው፤ የገባው እ.ኤ.አ. በ1946 ነው። ለኔ የተዘጋውና ለነሱ ተዘግቶ የነበረው አንድ አይደለም። እንግዳን ማስቆም አንድ ነገር ነው፤ ልጅን ከእናቱ ደጅ መመለስ ሌላ። ለእናትዬው ይህንን አላነሳሁባቸውም። ልጃቸው ግን ማታ ራሷ አነሳችው፣ ብዙ አወራን።

ከመውጣታችን በፊት የሌሊቱን ሥርዓት አየን። በየማታው የሺቫን እግር ምሳሌ በብር ያጌጠ ወንበር ላይ አድርገው፣ ከበሮ እየመቱ፣ ዕጣን እያጨሱ፣ ወደ እሷ መኝታ ክፍል ይሸከሙታል። ጠዋት ይቀሰቅሷቸዋል። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። እኔ ሐውልት ለማየት ነበር የሄድኩት። እነሱ ግን የሄዱት ሰው ቤት ነው፤ የምትተኛ፣ የምትነሳ፣ የምትዳር፣ ወንድሟ የሚያኮርፍባት ሴት ቤት። እምነታቸው እምነቴ አይደለም። ግን ያን ቀን እንደ ጉድ ማየቴን ተውኩ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽና ላብቃ። ታሚሎች አዲስ ያገባ ሰው ሲያገኙ «ቤታችሁ ማዱራይ ነው ወይስ ቺዳምባራም?» ይላሉ። ቺዳምባራም ዋናው ባልየው፣ ሺቫ፣ የሆነበት ከተማ ነው። ማዱራይ ከሆነ ሚስት ናት የምታዝዘው ማለት ነው።

ያንቺስ? ባልሽ አጠገብሽ ሳይኖር ጻፊልኝ።

ያው እኔው ነኝ