ሳታነቢ አትፈርሚ፤ ማልታ ላለችው ልጄ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ከረምሽ? የአክስትሽ ልጅ ደውላ፣ ሆቴል ከገባሽ ወዲህ ቅዳሴ አስቀድሰሽ አታውቂም አለችን። እናትሽ ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። የኔ ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ የፈረምሽው ወረቀት ምን ይላል?

የማልታ ሕግ የሳምንቱ ሥራ በአማካይ ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይከለክላል፤ በየሰባት ቀኑም ያልተቆራረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት ይሰጥሻል። ከ48 በላይ የሚያሠሩሽ በጽሑፍ ከተስማማሽ ብቻ ነው። ይህ ስምምነት ከውሉ ጋር ተያይዞ ሊመጣ ይችላል፤ የቸኮለ ሰው ሁለቱንም ይፈርማል። ልጄ፣ ሳታነቢ አትፈርሚ። ፈርመሽ ከሆነ በጽሑፍ አስታውቀሽ መተው ይቻላል፤ የማስጠንቀቂያ ጊዜው እስኪያልቅ ግን ትሠሪያለሽ። ደግሞ ሕጉ ዕረፍቱን እሁድ አድርጉት አይልም። ስለዚህ ፈረቃው ከመለጠፉ በፊት እሁድን የከሰዓት እንዲያደርግልሽ አለቃሽን ጠይቂ፤ ከተለጠፈ በኋላ የሚቀይርሽ ሰው ማግኘት ይከብዳል።

የአገሩ ሰዎች ቤተ ክርስቲያኑን ያራቆተው በፈረንጆቹ 2011 በሕዝበ ውሳኔ የገባው የፍቺ ሕግ ነው ቢሉሽ አትቀበይ። በቆጠራ እንደታወቀው እሁድ ቅዳሴ የሚሄደው በፈረንጆቹ 1967 ከመቶው 82 ያህል ነበር፤ በ2005 ወደ 53 ወርዷል። ፍቺ ገና አልተፈቀደም ነበር! ከግማሽ ሚሊዮን ጥቂት የሚበልጥ ሕዝብ በ2024 ከ3.5 ሚሊዮን በላይ እንግዳ አስተናግዷል፤ ያ ሁሉ እንግዳ እሁድም ቁርስ ይበላል፣ አልጋው ይነጠፍለታል። እኔ ፈረቃውን ከፍቺው ሕግ አብልጬ እፈራዋለሁ።

አንድ የቆየ ነገር ደግሞ እወቂ። በፈረንጆቹ 1961 የማልታ ሊቀ ጳጳስ ሚካኤል ጎንዚ የሌበር (የሠራተኞች) ፓርቲን መሪዎች አወገዙ፤ የፓርቲውን ጋዜጣ ማንበብም የሞት ኃጢአት ተባለ። እርቅ እስከወረደበት እስከ 1969 ድረስ ለፓርቲው ደጋፊዎች ንስሐ የተከለከለ ነበር፤ ሙሽሮቻቸው ከመቅደሱ ተከልክለው ዕቃ ቤት ውስጥ ተጋቡ፤ ሰው ባልተባረከ መሬት ተቀበረ። የሥራ ባልደረባሽ ቄስ ሲነሳ ፊቷን ብታጠቁር አትከራከሪያት፤ አያቷ እዚያ ተቀብረው ይሆናል። እነዚህ ሰዎች ደጎች ናቸው። መርከብ ተሰብሮባቸው ለወጡት ለጳውሎስና ለባልንጀሮቹ በዝናብና በብርድ እሳት ያነደዱት የዚያች ደሴት ሰዎች ናቸው፤ የሐዋርያት ሥራ 28ን አንብቢ። በዓሉ ፌብሩዋሪ 10 ነው፤ የሕዝብ በዓል ስለሆነ ፈቃድሽን ቀደም ብለሽ ጠይቂ።

ቆጣ ያልኩብሽ ስለምወድሽ ነው፣ የኔ እናት። ግን ስሚኝ፦ የሥራ ፈቃድሽ ከአሠሪሽ ጋር የታሰረ ነው፤ ተናደሽ ጥለሽ እንዳትወጪ። መጀመሪያ ሌላ አሠሪ ያዢ፣ ፈቃዱ ይዛወር፣ ከዚያ ልቀቂ። ፓስፖርትሽን ለማንም አታስይዢ። የደመወዝ ወረቀትሽን በየወሩ አስቀምጪ፤ የሠራሽበትን ሰዓት በደብተር ጻፊ። አዲስ ወረቀት ካመጡልሽ «ነገ አመጣለሁ» በያቸው እንጂ ሳታነቢ አትፈርሚ።

ውሉን ገጽ በገጽ ፎቶ አንስተሽ ዛሬውኑ በቴሌግራም ላኪልኝ።

አባትሽ